ከአባት የቀረ ዶጅ ዳርት፦ ስለ እድሳቱና ስለ ማሻሻሉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ ዶጅ ዳርትና ስለ መንታው ስለ ፕሊማውዝ ቫሊያንት ነው። ቫሊያንት የወጣው በ1960 ሞዴል ነው። ዳርት ደግሞ በ1963 አነስ ብሎ መጣና ከቫሊያንት ጋር አንድ ዓይነት አካል መጋራት ጀመረ። ሁለቱም በ1976 ቆሙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሁለቱም ሠሪ የሆነው የአሜሪካው ክራይስለር እነዚህን መኪናዎች ለቅንጦት አልሠራቸውም። አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ጡረተኛው ይነዷቸው ነበር። ለአሜሪካ አዲስ የሆነና ኪሱ የሳሳ ሰውም ያገለገለውን በርካሽ ያገኝ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ እጅ የሚገቡት በውርስ ነው። አባት ነድቶት፣ እናት ገበያ ሄዳበት፣ ልጅ መንዳት ተምሮበት ጋራዥ ውስጥ የቀረ መኪና ማለት ነው። ጥያቄዎቹም የሚመጡት ከዚያ ልጅ ነው።

ይህን መኪና ማደስ ያዋጣል?

በገንዘብ ከለካችሁት አያዋጣም። ባለ አራት በር ዳርት በሚገባ ለማደስ የሚወጣው ብር፣ መኪናው ቢሸጥ ከሚያመጣው ይበልጣል። ሰብሳቢዎች ብዙ የሚከፍሉት ለጥቂቶቹ ነው፤ ለምሳሌ ባለ 340 ኪዩቢክ ኢንች ሞተሩን ስዊንገር ወይም ጂቲኤስ የሚባለውን። የእናንተ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ምንም ሳትነኩ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

ካልሆነ ግን ጥያቄውን ቀይሩት። መኪናውን ምን ልታደርጉበት ነው? እሁድ እሁድ እናታችሁን ቤተ ክርስቲያን ልታደርሱበት? በሳምንት ሁለቴ ሥራ ልትሄዱበት? ወይስ ለልጃችሁ ልታቆዩት? መልሱ ሁሉን ይወስናል። እሁድ ብቻ ለሚወጣ መኪና ጥሩ ፍሬን፣ የማያፈስ ራዲያተርና ደህና ጎማ ይበቃል። በሀይዌይ ለሚመላለስ ሌላ ወጪ አለ።

እህቴ “ምንም አትንካው፣ አባዬ እንደተወው ይቆይ” ትላለች። እኔ ደግሞ መንዳት እፈልጋለሁ። ማን ልክ ነው?

ሁለታችሁም። ማስታረቂያውም ቀላል ነው፤ የምትሠሩት ሁሉ ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል ይሁን። አዲስ ዕቃ ስትገጥሙ አካሉን አትቁረጡ፣ አዲስ ቀዳዳ አትብሱ። የወጣውን ዕቃ ስሙንና ቀኑን ጽፋችሁ ካርቶን ውስጥ አኑሩት። አንድ ቡሎን እንኳ ከመፈታቱ በፊት ደግሞ መኪናውን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱት። የዳሽቦርዱን ኪስም ክፈቱት። የድሮ የዘይት ደረሰኝ፣ የአባት የእጅ ጽሑፍ፣ የከተማ ካርታ እዚያ ሊገኝ ይችላል። እነዚህን ጋራዥ ከመግባቱ በፊት አውጡ። መካኒክ ቆሻሻ መስሎት ቢጥለው አይፈረድበትም።

የትኛውን ሞዴል እንደያዝኩ እንዴት አውቃለሁ?

ከ1968 ጀምሮ የሻንሲ ቁጥሩ ዳሽቦርዱ ላይ፣ በሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ሥር ይታያል። ከ1966 ጀምሮ ቁጥሩ 13 ፊደልና አሃዝ አለው። መጀመሪያው ኤል ከሆነ ዳርት ነው፣ ቪ ከሆነ ቫሊያንት ወይም ከእሱ የወጣው ባለ ሁለት በር ደስተር ነው። ሦስተኛውና አራተኛው 41 ከሆኑ ባለ አራት በር ነው። ስድስተኛው የሞዴሉን ዓመት ይነግራል፤ በ1970ዎቹ መኪኖች ላይ 0 ማለት 1970፣ 4 ማለት 1974 ነው። አምስተኛው ሞተሩን ያሳያል፣ ግን ኮዱ ከዓመት ዓመት ይለያያልና የዓመቱን ዝርዝር ፈልጉ። ኮፈኑን ስትከፍቱ በግራ በኩል ትንሽ የብረት ሰሌዳ ካገኛችሁ የቀለሙ ኮድ እዚያ ላይ አለ። አትጣሉት፣ ቀለም አትቀቡበት።

ብዙ ዓመት ቆሞ ነበር። ባትሪ ቀይሬ ላስነሳው?

አይሆንም። ቆሞ የከረመ ሞተር በደረቁ ሲዞር በደቂቃ ውስጥ ይጎዳል።

መጀመሪያ የድሮውን ቤንዚን ከታንከሩ አውጡ። የቀለም ሽታ ካመጣ ታንከሩም መታጠብ ወይም መቀየር አለበት። ከዚያ 6ቱን ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሩና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉት። ሞተሩን በሞተሪኖ ሳይሆን በመፍቻ፣ በእጅ አዙሩት። ከተያዘ አታስገድዱት፣ ዘይት ጨምራችሁ ቀናት ጠብቁ። በነፃነት ከዞረ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ራዲያተሩን ሙሉ፣ ካንዴላው እንደወጣ በሞተሪኖ ትንሽ አሽከርክሩት። ዘይቱ መዳረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ካንዴላውን መልሱና ከትንሽ ጀሪካን ንጹህ ቤንዚን ሰጥታችሁ ሞክሩት።

የዚህ ሞተር ጠባይ ታጋሽ ነው፤ በሥርዓት ለጠበቀው ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሲነሳ ደስታው ሌላ ነው። ቪዲዮ አንሱ፣ ለቤተሰብ ላኩ። ነገር ግን ከግቢ አታውጡት፤ ፍሬኑ ገና ነው።

ከየት ልጀምር?

ከፍሬን። ቀለሙም ወንበሩም ሬዲዮውም ይደርሳሉ።

እስከ 1966 የተሠሩት ዳርትና ቫሊያንት የፍሬን ማስተራቸው (ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ዕቃ) ባለ አንድ ክፍል ነው። አንድ ቱቦ ቢፈነዳ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ከ1967 ጀምሮ ማስተሩ ለሁለት ተከፈለ፤ የፊቱ ቢበጠስ የኋላው ይቀራል። መኪናችሁ የ1966 ወይም ከዚያ በፊት ከሆነ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር ማስገጠም የመጀመሪያ ሥራችሁ ይሁን። “ኦሪጅናልነቱ ይበላሻል” የሚል አይጠፋም። አትስሙት። አሮጌው ማስተር ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጆቻችሁ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያበጡ ይኖራሉ። ያበጠ ቱቦ ዘይት ያሳልፍና አልመልስ ይላል፣ ፍሬኑም ተይዞ ይቀራል። ሳትጠራጠሩ ሁሉንም ቀይሩ። በየጎማው ውስጥ ያሉትን የፍሬን ሲሊንደሮችም እንዲሁ። የብረት ቱቦው ከዛገ እየቆረጡ መቀጠል የለም፣ ሙሉውን ነው መቀየር።

ታምቡሩ (የፍሬኑን ሸራ የሸፈነው ክብ ብረት) ሲከፈት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ የሚሠራው ከአስቤስቶስ ጋር ነበር፣ ብናኙ ደግሞ ሳንባ ይገድላል። በኮምፕረሰር አታስነፉት። አርጥባችሁ ጥረጉት፣ ማስክ አድርጉ።

ዲስክ ፍሬን የሚፈልግ ሰው ጥሩ ይፈልጋል። የታወቀው መንገድ ከ1973 እስከ 1976 ከተሠራ ዳርት ወይም ቫሊያንት የፊት እግሩን ዕቃ በሙሉ መውሰድ ነው። በግማሽ አይሆንም፤ የላይኛው ክንድም አብሮ መምጣት አለበት፣ ምክንያቱም በ1973 የላይኛው ቦል ጆይንት ተልቋል። ለዲስክ የሚሆን ማስተርና የፊትና የኋላ ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭም ያስፈልጋል። ሌላም ነገር አለ። የቀድሞዎቹ የቸርኬ ቡሎኖች በ4 ኢንች ክብ ላይ ናቸው። የ1973ቱ ዲስክ 4.5 ኢንች ነው። የፊቱን ብቻ ከቀየራችሁ የፊትና የኋላ ቸርኬ አይገጥምም፤ አንድ መለዋወጫ ጎማ ይዛችሁ ለሁለቱም አይሆንም። ወይ የኋላውን አክሰል አብራችሁ ቀይሩ፣ ወይ የድሮውን 4 ኢንች ጠብቆ የተሠራ አዲስ የዲስክ ኪት ግዙ። በከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና ግን በደንብ የተስተካከለ ታምቡር በቂ ነው።

የሹፌሩ በኩል ጎማ አልፈታ አለ። ምን ነክቶት ነው?

ምናልባት ወደ ማጥበቅ እየዞረ ነው። እስከ 1970 ሞዴል ድረስ በግራ በኩል ያሉት የጎማ ቡሎኖች ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈቱት በሰዓት አቅጣጫ ነው። ብዙ ጊዜ ኤል የሚል ፊደል ተቀርጾባቸዋል። ይህን የማያውቅ የጎማ ቤት ሠራተኛ በአየር መፍቻው ሲሰብራቸው ይውላል። ጎማ ስታስቀይሩ አጠገቡ ቆማችሁ ንገሩት።

ሞተሩን በቪ8 ልቀይረው?

ቪ8 እዚህ አካል ውስጥ ይገባል፤ ፋብሪካው ራሱ 318ቱን ይገጥምለት ነበር። ግን ሞተር ብቻ አይደለም የሚቀየረው። የሞተር መያዣው፣ የጭስ ማውጫው፣ ራዲያተሩ፣ የፊት ዘንጎቹ፣ ፍሬኑ ሁሉ ይከተላሉ።

እኔ ብጠየቅ እምቢ እላለሁ። 6 ሲሊንደሩ የዚህ መኪና ነፍስ ነው። ወደ ቀኝ 30 ዲግሪ ተጋድሞ የተቀመጠው ኮፈኑ ዝቅ እንዲልና ረጃጅም የአየር መግቢያ ቱቦዎች ቦታ እንዲያገኙ ነው። የባለ 225 ኪዩቢክ ኢንቹ መጠን 3.7 ሊትር ያህል ነው። ዘይቱና ውሃው ከተጠበቀለት ረጅም ዕድሜ በማገልገል ስሙ የታወቀ ነው። አባታችሁ ማታ ሲገባ ከበር ሆናችሁ የለያችሁት ድምፅም የዚሁ ሞተር ነው። ቪ8 ከገባበት ያ ድምፅ አይመለስም።

ድምፁን ካነሳን፣ ይህ ሞተር ሲሠራ እንደ ስፌት ማሽን ቀጭ ቀጭ ይላል። ጤንነቱ ነው። እስከ 1980 ድረስ ቫልቮቹ በእጅ የሚስተካከሉ ናቸው። ሞተሩ ሲሞቅ የመግቢያው ክፍተት 0.010 ኢንች፣ የመውጫው 0.020 ኢንች ነው። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ ከዚህ በላይ የሚያጠብቅ መካኒክ የመውጫውን ቫልቭ ያቃጥለዋል። ጸጥ ያለ 6 ሲሊንደር ካጋጠማችሁ ክፍተቱን አስለኩ።

የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ሌላው የሚጎዳ ቦታ ነው። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ እንዲንሸራተት ቦታ ይፈልጋል። ዳዶዎቹ 10 ፉት ፓውንድ ብቻ ነው የሚጠብቁት። “ትንሽ ነው” ብሎ ጉልበት የጨመረበት ሰው ይሰነጥቀዋል።

ጉልበት መጨመር ካሻችሁ ከ1977 ጀምሮ በተተኪዎቻቸው በአስፐንና በቮላሬ ላይ የመጣው ባለ ሁለት አፍ ካርቡራተር ከነማኒፎልዱ ይገጥማል። ከዚያ በፊት ግን ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ተኩ። ክራይስለር ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያደረገው ለውጥ ነው። ጠዋት አነሳሱ ይለወጣል፣ የፑንቲና ማስተካከሉም ይቀራል። ለወጣው ብር ይህን ያህል የሚመልስ ሌላ ማሻሻያ የለም።

ቁልፉን ሳዞር ይነሳል፣ ስለቀው ወዲያው ይጠፋል። ለምን?

ባላስት ሬዚስተር ነው። ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ የተጣበቀች ትንሽ ነጭ ሸክላ ናት። ስታስነሱ ኤሌክትሪኩ አልፏት ይሄዳል፤ ቁልፉን ስትለቁ በእሷ በኩል ይመጣል። ከተቃጠለች ሞተሩ ይጠፋል። ርካሽ ናት፣ በሁለት ደቂቃ ትቀየራለች። አንድ ትርፍ ገዝታችሁ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አኑሩ። በዚህች ሸክላ ምክንያት ስንቱ ሰው ሞተሪኖና ካርቡራተር ቀይሯል።

ዳሽቦርዱ ሥር የተቃጠለ ሽቦ ይሸተኛል።

መኪናውን አቁሙና ባትሪውን ፍቱ። ይህ የዘመኑ የክራይስለር መኪኖች የታወቀ ድካም ነው። ከዲናሞው የሚመጣው ኃይል ባትሪ ጋ ለመድረስ በዳሽቦርዱ ላይ ባለው የአምፔር መቁጠሪያ ውስጥ ያልፋል። ሲሄድም ሲመለስም ደግሞ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ባለው ትልቅ የሽቦ ፕላግ ነው የሚያልፈው። ዓመታት ሲቆጠሩ የፕላጉ ብረት ይዝጋል፣ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩን ያቀልጣል።

መፍትሔው ከዲናሞው ወደ ባትሪው በቀጥታ የሚሄድ፣ በፊውዝ የተጠበቀ ወፍራም ሽቦ መጨመር ነው። የአምፔር መቁጠሪያው ቦታው ላይ ይቆያል፣ ሸክሙ ግን ይቀልለታል። ፕላጉም ይነቀል፣ ይታይ፣ ይጽዳ። የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። መኪናው ቤታችሁ ሥር ባለ ጋራዥ የሚያድር ከሆነ ከፍሬኑ ቀጥሎ ይህን አስቀድሙ።

የዛሬው ቤንዚንና ዘይት ይስማማዋል?

አሜሪካ ውስጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪና መሸጥ የተከለከለው ከጥር 1996 ጀምሮ ነው። እርሳሱ የቫልቩን መቀመጫ ከመበላት ይጠብቅ ነበር፤ ቀስ ብሎ ለሚነዳ 6 ሲሊንደር ግን የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ቴስታው በሌላ ምክንያት ከወረደ ያኔ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ አስገቡለት። ለዚህ ብላችሁ ብቻ ግን አታውርዱት። በዛሬው ቤንዚን የሚቀላቀለው ኢታኖል የሚባል አልኮል ግን የድሮውን የላስቲክ ቱቦ ይበላዋል። የነዳጅ ቱቦዎቹን ዘመኑ ባመጣው ቀይሩ። ዘይት ስትገዙ ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀ፣ ዚንክ በርከት ያለበትን ፈልጉ፤ የእነዚህ ሞተሮች ካምሻፍት ያለ እሱ ይላጫል።

ዝገቱን እንዴት ልመርምር?

ከታች ጀምሩ። የፊቱን ክብደት የሚሸከሙት ቶርሽን ባር የሚባሉ ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ናቸው። የኋላ ጫፋቸው የሚታሰረው ከፊት ወንበሩ አካባቢ ከወለሉ ሥር ባለ አግዳሚ ብረት ላይ ነው። ያ ብረት ከበሰበሰ መኪናው አይነዳም። ካቻቪቴ ይዛችሁ ውጉት፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ባሌስትራው የሚታሰርበትንም እንዲሁ። እነዚህ ቦታዎች አዲስ ላሜራ በባለሙያ ይበየድባቸዋል። ስቱኮ እዚህ ቦታ የሰው ሕይወት ያጠፋል።

ሌላው ዝገት ያበሳጫል እንጂ አይገድልም። ከፊት ጎማ በስተኋላ ያለው የፓራፋንጎው ታችኛ ክፍል፣ የሻንጣው ወለል፣ የኋላ መስታወቱ የታችኛ ጠርዝ የተለመዱ ናቸው። ምንጣፉ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ውሃው ከፊት መስታወቱ ሥር ካለው የአየር መግቢያ እየገባ ነው። በቱቦ ውሃ አፍሱበትና ከውስጥ ተመልከቱ።

ቀለም ላስቀባው?

ቀለሙ ፈዞም ቢሆን ኦሪጅናል ከሆነ፣ እባካችሁ ቆዩ። አጥቡት፣ በፖሊሽ አሹት፣ አንድ ክረምት እዩት። ብዙ ሰው የሞተ የመሰለው ቀለም ስንት ሕይወት እንዳለው ያየው ያኔ ነው። በሩ ላይ የእናት ቀለበት የጫረው ካለ ያ አይደገምም። አዲስ ቀለም ከሁሉ የሚበዛውን ብር ይበላል። ፍሬኑና ሽቦው ሳይሠራ ቀለም የተቀባ መኪና ቆንጆ ሆኖ ቆሞ ይቀራል። የግድ ከሆነ የድሮውን የቀለም ኮድ ተከተሉ፤ አሮጌውን ስትፍቁ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ማስክ አድርጉ።

ወንበሩና ሬዲዮውስ?

የወንበሩ ስፖንጅና ሽቦ ከውስጥ ይታደሳል፤ ልባሱ ካልተቀደደ እሱን መልሶ ማልበስ ይቻላል። የመሪውን ልባስ የአባት እጅ ያለሰለሰው ከሆነ በአዲስ አትቀይሩት። ለሬዲዮው ቆንጆ ዘዴ አለ፤ የድሮው ሣጥንና ቁልፎቹ ሳይነኩ ውስጡ ዘመናዊ ሆኖ ብሉቱዝ የሚገጥሙ ባለሙያዎች አሉ። ከውጭ ምንም አይታይም። የጥላሁንን ዘፈን ከስልካችሁ በ1968 ሬዲዮ መስማት ትችላላችሁ።

ልጆች ላሳፍርበት እችላለሁ?

አሜሪካ ለፊት ወንበር የትከሻ ቀበቶ ያስገደደችው ከጥር 1968 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ያለ መኪና ቢበዛ የወገብ ቀበቶ ነው ያለው። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ማስገጠም ይቻላል፣ ግን ቡሎኑ በቀጭን ላሜራ ላይ መታሰር የለበትም፤ ከጀርባው ወፍራም ሰሌዳ ይበየዳል። የራሱ ማሰሪያ ያለው የሕፃን ወንበር በብዛት በወገብ ቀበቶም ይታሰራል። ከፍ ማድረጊያ ወንበር ግን የትከሻ ቀበቶ ከሌለ አይፈቀድም። ይህ እስኪስተካከል ልጆቹ ፎቶ ይነሱበት እንጂ አይሂዱበት።

ኤሲ ይገባለታል?

ይገባል፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ኪት አለ። ከላይ የተናገርነው የሽቦ ሥራ ግን ይቅደም፤ ኤሲ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ዲናሞውና ራዲያተሩም ከፍ ማለት አለባቸው።

ሊብሬው በሟች አባቴ ስም ነው። ታርጋና ኢንሹራንስስ?

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። የሞት የምስክር ወረቀቱን ይዛችሁ የግዛታችሁን የተሽከርካሪ ቢሮ ጠይቁ፤ አሠራሩ ከግዛት ግዛት ይለያል። ወንድምና እህት ካላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ያገኛል፣ ግን በየቀኑ ሥራ መሄጃ ማድረግ አይቻልም። ካሊፎርኒያ ደግሞ የ1975ና ከዚያ በፊት ያሉትን ከጭስ ምርመራ ነፃ ታደርጋለች፤ የ1976 ዳርት ከያዛችሁ ምርመራው አይቀርላችሁም።

ኢንሹራንሱ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚጻፍበት ዓይነት ይሁን። የተለመደው ኢንሹራንስ መኪናው ቢጠፋ እንደ አሮጌ ብረት ነው የሚተምነው። የሥራውን ደረሰኝና ፎቶ ሁሉ አስቀምጡ።

አድሼ ወደ አዲስ አበባ ልልከው አስቤ ነበር።

አሁን መንገዱ ዝግ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያም በፊት በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሎ ነበር። “ለቅርስ ነው ብለን እናስገባልሃለን” የሚል ደላላ ካገኛችሁ ብር አትስጡ፤ ጉምሩክን ራሳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። አገር ቤት ያለው ቤተሰብ እንዲያየው ከሆነ፣ ለጉብኝት ሲመጡ ከኤርፖርት ተቀበሏቸው በእሱ።